ሳይጫን የደረሰው ገንዳ

ጋርዝ ፔነር አፉን ቢሰበስብ ኖሮ ገንዳው በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር። ግን ጋርዝ አፉን የሚሰበስብ ሰው አይደለም፤ ያስያዘውም አፉ ነው።

ዊኒፔግ ውስጥ የአንድ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ኃላፊ ነው። ድርጅቱ ከአልጋ እስከ ትራክተር ጎማ ያለውን ሁሉ በማኒቶባ በረዶ ላይ እየነዳ ለባለቤቱ ያስረክባል። ጋርዝን ክፉ ነው የሚል የለም። ሰኞ ሰኞ ለሠራተኛው ዶናት ገዝቶ ይመጣል፤ መኪናው በብርድ አልነሳ ያለውን ሰው ገመድ ይዞ ወጥቶ ያስነሳለታል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፦ እሱ የማይሠራው ሥራ ሁሉ ሥራ አይመስለውም።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ታዲያ ዶናቱን በአንድ እጁ፣ ቡናውን በሌላው ይዞ መጣና የሌሲያ ህሪንቹክ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለ። ሌሲያ የድርጅቱ መመሪያ ጸሐፊ ናት። ሹፌሩ፣ የመጋዘኑ ሰው፣ የስምሪቱ ሰው የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ጽፋ የምታስረዳው እሷ ናት። ያን ሰሞን የያዘችው ደግሞ ሁሉም «ደርሷል» እያለ የሚጠራውን አዲሱን ፕሮግራም ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዕቃው ሲደርስ የጭነቱን ቁጥር ታስገባለህ፣ አንዷን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ጭነቱ ተጠናቀቀ ተብሎ ይዘጋል፣ ለደንበኛውም ስልክ የምሥራች ይሄዳል። እስከ አርብ ድረስ ከሹፌር እስከ ሒሳብ ክፍል ሁሉም እንዲማረው ታዟል።

«ሌሲያ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አላት ጋርዝ።

«አይ ብልህ ትተወኛለህ?»

«መመሪያሽን ማንም አያነበውም።» ዶናቱን ገመጠ። «ማንም! ሰው እኮ ዝም ብሎ ይነካካል፣ ይገባዋል። ያልገባው ጎኑ ያለውን ይጠይቃል። አርብ ስብሰባው ላይ ለሲግሩን ይሄ የሥራ ቦታ ይዘጋ ልላቸው ነው። በክፉ እንዳታይብኝ፣ ከአንቺ ጋር ጠብ የለኝም።»

ሲግሩን የድርጅቱ ባለቤት ናቸው።

«በክፉ አላይብህም» አለች ሌሲያ። ሌላ ምን ትበል?

ይሄኔ ተነስቶ ቢሄድ ምን ነበረበት! አልሄደም። ጣቱ ላይ የቀረውን ስኳር ላሰና፣ «በዚያው እጅሽ አንድ ነገር እይልኝ እስቲ፤ ገንዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ የጭነቱን ቁጥር ከስልኩ ላይ አሳያት።

የገንዳውን ወሬ ያልሰማ ሠራተኛ የለም። ጓሮ በረዶ መሃል የሚቀመጥ፣ ሙቅ ውሃ ሞልተው ቤተሰቡ በሙሉ የሚነከርበት ትልቅ ገንዳ ነው። መብራቱ ቀለም ይቀያይራል፣ ወንበሩ ወገብ ያሻል፣ ሙዚቃ አለው። የገዛውም ለቅዳሜ ነው፤ የሚስቱ የዶሪን ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው ተጠርተዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ የመኪና ነጋዴው፣ ጋርዝን በየበዓሉ በነገር ሲወጋው ስለኖረ ቅዳሜ የሒሳብ ማወራረጃ ቀን ነበረች።

ሌሲያ አየችለት። «መጋዘናችን ገብቷል። ሐሙስ ይጫንልሃል።»

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ። በአንድ አፍ አባሯት በዚያው አፍ ያመሰግናታል። ይሄን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ሌሲያን ከሥራ መውጣቱ ያስፈራታል፤ ስልሳ ሊሞላት ምን ቀራት፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራታል? ከዚያ ይበልጥ የከነከናት ግን ሌላ ነው። ጋርዝ እውነቱን ቢሆንስ? ይሄን ሁሉ ዓመት ስትጽፍ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «አነበብኩት» ብሏት አያውቅም። ተሳስተሻል ያላትም የለም። ስትሳሳት የሚያርማት እንኳ ቢኖር ደስ ይላት ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ስታወራ የኖረች መሰላት፤ ለማን ብላ ነው አንዲትን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አራቴ ስታገላብጥ የዋለችው?

ሠራተኛው ሁሉ በየስልኩ የሚከፍተው የመመሪያው የምሳሌ ገጽ ፊቷ ተከፍቷል። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መመሪያ የከፈተ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ አያነብም። ምሳሌውን ፈልጎ፣ እንዳለ ገልብጦ ያስገባና ቁልፉን ይጫናል፤ ምን ይፈጠር ይሆን ብሎ ነው። ካየ በኋላ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ምሳሌ ላይ የሚቀመጠው ቁጥር የማንም ያልሆነ መሆን አለበት። ሌሲያ ሁልጊዜ የምታስቀምጠው ዜሮ ብቻ ነው። ዜሮን የመሰለ ጨዋ ደንበኛ ከየት ይገኛል? አያማርር፣ ስልክ አይደውል።

ዜሮዎቹን አየቻቸው። የጋርዝን ቁጥር አየች። ግራ ቀኟን ገልመጥ አደረገች።

«ማንም ካላነበበው ማን ይነካሃል፣ ጌታው?» አለች ለራሷ። ዜሮዎቹን ጠርጋ የገንዳውን ቁጥር በቦታቸው ደረደረች።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት የጋርዝ ስልክ ጮኸ። «ደስ ይበልዎ! ዕቃዎ በሰላም ደርሷል። ስንት ኮከብ ይሰጡናል?» ይላል። ይሄን መልእክት ያረቀቀው ራሱ ጋርዝ ነው፤ ኮከቡም የሱ ሐሳብ ነው።

«መጣ እንዴ!» ብሎ ለዶሪን ደወለ። ዶሪን በቤት ጫማ ጓሮ ወጣች። በረዶ ብቻ። አንዲት ጥንቸል አጥር ሥር ቆማ ትኩር ብላ አየቻትና ሄደች።

ጋርዝ ወደ ስምሪት ክፍል ሮጦ ጭነቱን አስከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። «ደስ ይበልዎ!» ደግሞ አስከፈተ። ደግሞ ተዘጋ። ሲስተሙ ላይ የተዘጋ ጭነት እንደሆነ ከመጋዘን ንቅንቅ አይልም። የተዘጋ ጭነት የነካ ይጠየቃል ብሎ ደንብ ያወጣው ማን መሰላችሁ? ራሱ ነዋ! ዕቃ የሚያነሳው የፎርክሊፍቱ ሹፌር ደንብ አክባሪ ስለሆነ ገንዳውን በፈገግታ እየዞረ ያልፈው ጀመር።

ሌሲያ በመስታወቱ በኩል ጋርዝ ሲሮጥ ባየች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አፏን በሹራቧ እጅጌ አፍና ሳቀች። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣባት። ያ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው መመሪያዋን ከፍቷል ማለት ነው። ማን ነው? በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሁሉ ቀና እያለች ታየው ጀመር። አንተ ነህ? ወይስ አንቺ ነሽ? ደስታዋን የምታካፍለው ሰው ማጣቷ አንገበገባት።

ረቡዕ ጋርዝ ሲስተሙ ሰርጎ ገብ ገብቶበታል ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ተፎካካሪዎቻችን ናቸው አለ። ቀጥሎ ሩሲያን ጠረጠረ። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ፣ «ሩሲያ የአንተን ገንዳ ምን ታደርግበታለች?» ብላ ጠየቀችው። ከሰዓት በኋላ ዶሪን በስልክ የመለሰችለት ደግሞ በር ተዘግቶም ተሰማ፦ «ጋርዝ፣ ደረሰ ብለህ አንድ ጊዜ ብትደውል ጓሮ ነው የማስተኛህ፤ ያለ ገንዳ!»

ሐሙስ መጣ፤ ገንዳው አልተጫነም። ሮዴል ማካራኤግ ወደ ሌሲያ ጠረጴዛ የመጣው ያን ዕለት ከሰዓት ነው። ሮዴል ከፊሊፒንስ የመጣ ሹፌር ነው፤ ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። ሌሲያን «አቴ» ይላታል፤ በአገሩ ቋንቋ «እትዬ» እንደማለት ነው። ሲስቅ መጋዘኑ ሁሉ የሚሰማው ሰው ያን ቀን ፊቱ አመድ መስሏል።

«አቴ፣ ጉድ ሆንኩ።»

«ምን አገኘህ?»

«ጋርዝ ጠራኝ። ገንዳዬን እየዘጋህ የምታሾፍብኝ አንተ ነህ አለኝ። ሲስተሙ መጨረሻ የዘጋውን ሰው ስም ያወጣል አይደል? ዛሬ ገና ቢያየው የኔ ስም ነው ያለው። ነገ ሲግሩን ፊት አቆምሃለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤትህ አለኝ።» ኮፍያውን እጁ ላይ ያሽከረክራል። «እኔ የሱን ገንዳ ምን አደርገዋለሁ? ስሞትልሽ፣ አንቺ የጻፍሽውን እንዳለ ነው የነካሁት!»

ጋርዝ ሲሮጥ ማየት ሌላ ነገር ነው። የሮዴል ግን ሚስቱ ገና መምጣቷ ነው፤ ቤት የተከራዩትም ባለፈው ወር ነው። ምን አድርጌ ነው ይሄን ሰው ያስያዝኩት ብላ ሌሲያ አፈረች።

«ቁጭ በል» አለችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ዶናቱንም፣ ዜሮዎቹንም።

ሮዴል አፉን ከፍቶ ሰማት። ሊቆጣ ነው ብላ ስትጠብቅ ያ ሳቁ ፈነዳ። ወንበሩን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። «አቴ፣ አንቺ ሰይጣን! እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ቄሱ ማንነትሽን ያውቃሉ?» እንባውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ነገ ትናገሪልኛለሽ አይደል?»

«እናገራለሁ። በኔ ተንኮል አንተ አትወጣም።»

«ያባርርሻል እኮ።»

«ተባርሬያለሁ እኮ፤ ቀኑ ነው የቀረው።»

ሲሄድ እጇ ቁጥሩን ለማጥፋት ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ፤ ግን መለሰችው። አሁን ከቀየረችው ሮዴል ዋሾ ሆኖ ይቀራል። እንዳለ ተወችው። ቤቷ ገብታ ያሞቀችው ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላው የሊጥ ቅቅል፣ ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ፤ አንዱን እንኳ ሳትጨርስ ተነሳች። ነገ በገዛ አፏ ራሷን ልታስወጣ ነው፣ ማን ይበላል?

አርብ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ክፍል ተሰበሰበ። የውጭው ብርድ ትንፋሽ የሚያደርቅ ነው፤ ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሲግሩን ቶርስቴንሰን ከፊት ናቸው። አባታቸው በአንዲት አሮጌ መኪና ከሐይቅ ዳሯ ከተማ ከጊምሊ ዓሣ እያመጡ የጀመሩትን ድርጅት ነው የሚያስተዳድሩት። ብዙ አያወሩም። እንደ ልማዳቸው የፕሪም ማርማላታ በመሃል በመሃሉ የተነባበረበትን የአይስላንድ ኬክ ጋግረው አምጥተው፣ ሳይቆርሱ ፊታቸው አስቀምጠውታል።

ጋርዝ ተነሳ። «ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛው ሻጥር ነው።» ወደ ሮዴል በጣቱ ጠቆመ። «ይሄ ሰው የኔን ጭነት ሆን ብሎ ሲዘጋ ከርሟል። በስህተት ነው ይላል። በስህተት ሊሆን አይችልም!»

ሌሲያ ለመነሳት ወንበሯን ገፋች። «ጋርዝ፣ እኔ…»

«ተራሽ ይደርሳል፣ ሁለተኛው ጉዳይ አንቺ ነሽ!» ብሎ በእጁ አስቀመጣት። ደሙ ፈልቷል፣ ማን ያቁመው! «ይሄ ፕሮግራም ሕፃን ልጅም አይሳሳትበትም። ላሳያችሁ።» ኮምፒውተሩን ከፈተና ግድግዳው ላይ አበራው። የት እንደሚጀምር ጠፋበት መሰለኝ፣ ወዲያና ወዲህ ሲነካካ ቆየ። ሰው ሁሉ እያየው ነው። በመጨረሻ የሌሲያን መመሪያ ከፈተ።

«ይኸው» አለና ጮክ ብሎ አነበበ። «የጭነቱን ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ያስገቡ። ለምሳሌ…» ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራ አስገባ። ጠዋት ደግሞ ያስከፈተው የራሱ ጭነት ቁጥር ነው፤ ግን ያን የሚያህል ረጅም ቁጥር ማን በቃሉ ይይዛል? «ከዚያ ደርሷል የሚለውን ይጫኑ።» ተጫነ። «አያችሁ? የት ላይ ነው ስህተት የሚገባው?»

የሸሚዝ ኪሱ ጮኸ።

ጋርዝ ስልኩን አወጣ። አነበበው። ግድግዳውን አየ። ስልኩን አየ። እንደገና ግድግዳውን አየና ከንፈሩ ቁጥሮቹን እያመሳከረ ይንቀሳቀስ ጀመር። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

ሮዴል እንደ ጨዋ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋርዝ፣ አሁንስ መጨረሻ የዘጋው የማን ስም ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ የሆነ ሰው ቡናው ትን አለው።

ሌሲያ ተነሳች። «ሮዴል ምንም አላጠፋም። ቁጥሩን ምሳሌው ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው። ማንም አያነበውም አልከኝ። ማየት ፈለግኩ።»

«ይሄ ከሥራ ያስባርራል!» ጮኸ ጋርዝ።

«እያባረርከኝ አይደል እንዴ? ስንቴ ልታባርረኝ ነው?»

ያኔ ሳቁ መጣ፤ ሲግሩን እጃቸውን ከፍ እስኪያደርጉ ድረስ አልቆመም። ሲግሩን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን ምሳሌ የሞከረ ማን ማን ነው?» አሉ።

መጀመሪያ ሮዴል እጁን አወጣ። ቀጥሎ የፎርክሊፍቱ ሹፌር። «ሁለት ጊዜ ነው የሞከርኩት፤ የመጀመሪያው ላይ ምን እንደተፈጠረ ስላላየሁ» አለ። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ አወጣች። የስምሪቱ ሰው፣ ጭነቱን ራሱ ሲከፍትለት የሰነበተው፣ ጋርዝን ላለማየት ጣሪያውን እያየ አወጣ። ከኋላ ሌሎች እጆች ወጡ፤ ሌሲያ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማታውቃቸው ሹፌሮች ናቸው። ከዚያ ሲግሩን ራሳቸው፣ ቀለበት ያለበትን እጃቸውን፣ ቀስ ብለው አነሱ።

«እኔም ረቡዕ ዕለት ቤቴ ሆኜ ሞክሬዋለሁ» አሉ። «የምከፍልበትን ነገር ማወቅ አለብኝ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሌሲያ፣ ውሻ ያለበት ግቢ ስለመግባት የጻፍሽው አለ አይደል? ውሻው ጅራቱን ቢቆላም ሰነዱን አያስፈርሙት ያልሽው። እሱን ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። ጉልበቷ ካመማት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም።»

ሌሲያ ያንን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ለብቻዋ ፈገግ ብላ ነበር፤ ሌላ ሰው ያየዋል ብላ ግን አስባ አታውቅም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አላፈረችበትም። ሮዴል የወረቀት መሐረብ ሙሉ ፓኮውን ገፋላት።

«ጋርዝ፣ አንተስ?» አሉ ሲግሩን።

«እኔ ምን?»

«አላነበብከውም? አሁን ፊታችን ቆመህ?»

ጋርዝ የምሩን አዘነ፤ ትልቅ ሰውነቱ ሁሉ ሟሸሸ። እጁን እስከ ትከሻው ድረስ አነሳ። «አነበብኩት» አለ። «ግልጽ ነው የተጻፈው፣ መቼም።»

«እንግዲያው የሌሲያ ቦታ አይዘጋም። ሮዴልንም ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።» ወደ ሌሲያ ዞሩ፤ ፊታቸው ኮስተር አለ። «አንቺ ደግሞ ያደረግሽው ነውር ነው። የደንበኛ ዕቃ መጫወቻ አይደለም። የሌላ ሰው ዕቃ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ካፖርትሽን አልብሼ በር ድረስ እሸኝሽ ነበር።»

«ይገባኛል፣ ሲግሩን። ጥፋቴ ነው።»

«ቁጥሩን ቀይሪው።»

ሌሲያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች፤ ጋርዝም በጥድፊያ ቦታውን ለቀቀላት፣ አልፎ ተርፎም ወንበር አቀረበላት። «አሁኑኑ፣ እባክሽ» አላት በለሆሳስ። «ዛሬ ከተጫነ ለነገ ይደርሳል።»

ሲግሩን ቢላዋቸውን አንስተው ኬኩን መቁረስ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳህን ላይ አድርገው ለሌሲያ ዘረጉላት።

«ቁጭ ብለሽ ብይ፣ ልጄ» አሉ። «ሰኞ ትቀይሪዋለሽ።»